ጎማዎቹ 9 ዓመት ሞልቷቸው ነበር፦ የአንዲት ካሬራ ጂቲ አደጋ

ህዳር 21 ቀን 2006 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ ህዳር ጽዮን። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 30 ቀን 2013። ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን ባለችው ሳንታ ክላሪታ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አንዲት ቀይ ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ከመንገድ ወጣች። ዛፍ መታች፣ የመብራት ምሰሶ መታች፣ ዞራ ሌላ ዛፍ መታችና በእሳት ተያያዘች። ውስጧ የነበሩት ሁለት ሰዎች አልተረፉም። አዲስ አበባ ላይ ያኔ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ስለነበር፣ ብዙዎቻችን ወሬውን የሰማነው እሁድ ጠዋት ነው።

ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው ፖል ዎከር ነበር። የ40 ዓመት ሰው። በመኪና እሽቅድምድም ፊልሞቹ ነው የምናውቀው። እኔና የሰፈር ጓደኞቼ እነዚያን ፊልሞች ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበን ነው ያየናቸው፤ ስለዚህ ያን እሁድ የሰፈር ልጅ የሞተ ያህል ነበር ያዘንነው። መሪውን የያዘው ደግሞ የ38 ዓመት ጓደኛውና የሥራ ባልደረባው ነበር፣ በውድድር ሜዳ ላይ የነዳ፣ መኪና የሚያውቅ ሰው። በዚያው ወር ፊሊፒንስን በመታው የሃያን ማዕበል ለተጎዱ ሰዎች፣ ዎከር ባቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት ስም የዚያን ቀን እርዳታ ሲያሰባስቡ ውለው ነበር። ለአጭር ጊዜ ብቅ ብለው ሊመለሱ ነው የወጡት። ነፍስ ይማር።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ዝነኛ ስለሆነ አይደለም። ሁልጊዜ ጣታችንን የምንቀስርባቸው ነገሮች እዚህ ስለሌሉ ነው። ሾፌሩ አልጠጣም። ዕፅም በምርመራው አልተገኘም። ጨለማ አልነበረም። ከሌላ መኪና ጋር እየተሽቀዳደሙ እንዳልነበር መርማሪዎቹ ተናግረዋል። ልምድ የሌለው ወጣት የአባቱን ቁልፍ ሰርቆ የወጣበት ታሪክም አይደለም። ታዲያ ምን ሆነ? ይህን ጥያቄ ለዓመታት ሳመላልሰው ነው የቆየሁት፤ ምክንያቱም ጉልበተኛ መኪና የሚወዱ ልጆች ሁሌ የሚሉኝ “እኔ መንዳት እችላለሁ” ነው። ይህ ሰውም ይችል ነበር።

መርማሪዎቹ ያገኙት

የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሸሪፍ ቢሮ ውጤቱን ያሳወቀው በማርች 2014 ነው። ፍጥነቷ በሰዓት ከ80 እስከ 93 ማይል ነበር፤ በእኛ ከ130 እስከ 150 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ቦታው ላይ የተፈቀደው 45 ማይል ነው፣ 72 ኪሎ ሜትር። መኪናዋ ላይ ለአደጋው ምክንያት የሚሆን የሜካኒክ ብልሽት አልተገኘም። የአየር ከረጢቶቹ ተከፍተዋል፣ ቀበቶ ታስሯል። ከዚህ ሁሉ ቀጥሎ፣ ጋዜጦች በአንድ መስመር ያለፉት አንድ ነገር አለ፦ ጎማዎቹ 9 ዓመት ገደማ የሞላቸው ነበሩ፤ ዕድሜያቸውም የመኪናዋን አያያዝ ሊያበላሸው ይችላል ተባለ።

አደጋው እንዴት እንደሄደም ተጽፏል። መኪናዋ ሄርኩለስ በሚባለው ጎዳና ወደ ምሥራቅ እየሄደች ነበር። ከቁጥጥር ወጣች፤ በከፊል ዞረችና ወደ ደቡብ ምሥራቅ መንሸራተት ጀመረች። የእግረኛ መንገዱን መታች። በሾፌሩ በኩል ያለው ጎኗ ዛፍና ምሰሶ መታ። ያ ምት 180 ዲግሪ አዞራት፤ ቀጥሎ በተሳፋሪው በኩል ሌላ ዛፍ መታችና እሳቱ ተነሳ።

“በከፊል ዞረች” የምትለው ላይ ቆም በሉ። ፊቷ አልታዘዝ ብሎ ቀጥ ብላ የወጣች መኪና አይደለችም። ዞራለች፤ ኋላዋ ከፊቷ ሊቀድም ሄዷል። በኋላ እግሯ፣ ማለትም በኋላ ጎማዎቿ፣ የምትገፋ ጉልበተኛ መኪና ሾፌሯን የምታስደነግጠው በዚህ መንገድ ነው። ከዚህ በታች ያለው የኔ ንባብ ነው፣ የመርማሪዎቹ አይደለም፤ እነሱ ፍጥነቱ ለቦታው የማይመች ነበር ብለው ነው የደመደሙት፤ እኔም ያን አልክድም።

መኪናዋ

ካሬራ ጂቲ መጀመሪያ የታሰበችው ለመንገድ አልነበረም። ፖርሽ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ ለሚደረገው የሌ ማን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ጀምሮት ኋላ የተወው ፕሮጀክት ነበር፤ ባለ 10 ሲሊንደሩ ሞተር የመጣው ከዚያ ነው። በ2000 ፓሪስ የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ አሳዩዋት፣ ሰው ተደነቀ፣ ከዚያ ላይፕዚግ ባለው ፋብሪካ እስከ 2006 ድረስ 1,270 ያህል ተሠሩ። ሞተሩ 5.7 ሊትር ነው። 612 የፈረስ ጉልበት አለው። የመኪናዋ ክብደት ግን 1,380 ኪሎ ብቻ ነው። ከቆመችበት 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 3.9 ሰከንድ ይበቃታል፤ የፍጥነት ጣሪያዋ 330 ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም፣ ስለዚህ ከምናውቃት ጋር እናስተያያት። አንዲት ቶዮታ ቪትዝ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት አላት፤ እያንዳንዱ ፈረስ 13 ኪሎ ገደማ ይጎትታል። እዚህ ግን አንዱ ፈረስ የሚጎትተው 2 ኪሎ ከሩብ ነው። ይህ ጉልበት በሙሉ የሚወርደው ደግሞ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ቪትዝ ላይ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ብትረግጡት ድምፁ ይጨምራል፤ እዚህ ላይ ግማሹን ብቻ ብትረግጡ፣ ያውም መሪው ዞሮ ሳለ፣ ኋላዋን ከመንገዱ ልትነቅሉት ትችላላችሁ።

ሞተሩ ያለው መሃል ላይ ነው፣ ከወንበሮቹ ጀርባ። ይህ ለምን እንደሚያስቸግር በጀሪካን ላስረዳ። በሁለት እጃችሁ ሁለት ጀሪካን ውሃ ያዙና እጃችሁን ዘርግታችሁ ባላችሁበት ለመዞር ሞክሩ። ለመጀመር ትታገላላችሁ፤ ቀስ ብላችሁ ነው የምትዞሩት። አሁን ጀሪካኖቹን ደረታችሁ ላይ አስጠጓቸውና ዙሩ። ፈጠን ትላላችሁ። መሃል ላይ ክብደት የተከመረባት መኪናም እንደዚያ ነች። መሪ ስታዞሩ ወዲያው ትሰማችኋለች፣ ኩርባ ላይ ድንቅ ነች፤ መዞር ስትጀምር ግን የምትዞረው በዚያው ፍጥነት ነው፣ ለማረም የሚቀራችሁ ጊዜም ያንኑ ያህል ያጥራል።

ሌላም አለ። ካሬራ ጂቲ ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል፣ አላት። ጎማው በነዳጅ ብዛት ባዶውን እንዳይዞር የሚከለክል መቆጣጠሪያም አላት። የሌላት ኢኤስሲ ነው። ብዙዎቻችሁ መኪናችሁ ዳሽቦርድ ላይ ከኋላዋ ጠመዝማዛ መስመር ያላት ትንሽ መኪና የምትመስል ምልክት አይታችኋል፤ እሱ ነው። መሪው የተጠመዘዘበትን መጠንና መኪናዋ በእርግጥ የምትዞርበትን መጠን እያስተያየ፣ ሁለቱ አልገናኝ ሲሉት አንድ ጎማ ብቻ ነጥሎ ፍሬን ይይዛል፤ ኋላዋ ሊያመልጥ ሲል የውጪውን የፊት ጎማ ይይዝና መኪናዋን ያቀናታል፣ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። ሾፌሩ ገና ሳይደነግጥ ሥራው አልቋል። ይህ ነገር ገበያ ላይ የዋለው በ1995 ነው። አሜሪካ በአዳዲስ የቤት መኪናዎች ላይ ሁሉ ግዴታ ያደረገችው ደግሞ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ። ካሬራ ጂቲ በሁለቱ መሃል ተወልዳ ሳታገኘው ቀረች። መኪናዋን ሲፈትን የነበረው የ1980 እና የ1982 የዓለም ራሊ ሻምፒዮን ዋልተር ሮርል ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ገደቧ ላይ ወጥቶ የሚለካት የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ ከዚያ ተሽጣ የሄደችው ግን ገንዘብ ላለው ማንኛውም ሰው ነው።

ጎማው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ብር የሚታሰርበት ላስቲክ ታውቃላችሁ። አዲስ ሲሆን ትስቡታላችሁ፣ ይሳባል፣ ይመለሳል። መሳቢያ ውስጥ ረስታችሁት ከዓመታት በኋላ ስታገኙት ደግሞ መልኩ ያው ነው፤ ልክ ስትስቡት ግን ቀጭ ብሎ ይበጠሳል። ማንም አልነካውም። ያረጀው ተቀምጦ ነው። አየርና ሙቀት ውስጡን አደረቁት።

የመኪና ጎማ እንደዚያው ነው። ችግሩ እንደነዚህ ያሉ ውድ መኪናዎች ብዙ አይነዱም። ጋራዥ ውስጥ ተሸፍነው ይከርማሉ፣ ፀሐያማ ቅዳሜ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ። ስለዚህ የጎማው ጥርስ አያልቅም። ሰው ጎንበስ ብሎ ያየዋል፣ ጥርሱ ጥልቅ ነው፣ “አዲስ ነው” ይላል። እኛም አገር ጎሚስታ ጋ ሄደን የምናየው ጥርሱን ነው፤ ጎማ የሚሸጥልን ሰውም በጣቱ የሚያሳየን ያንኑ ጥርስ ነው። ዕድሜው ግን የተጻፈው ጎኑ ላይ ነው። ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ በኋላ ከሚመጡት ፊደላትና ቁጥሮች የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ፈልጉ። 2305 ቢል በ2005 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። አንዳንዴ አራቱ አሃዞች በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚጻፉ ወደ ውስጥ በዞረው ጎን በባትሪ መፈለግ ይኖርባችኋል። ብዙ የመኪና አምራቾች 6 ዓመት ሲሞላው ቀይሩ ይላሉ። ጎማ አምራቾች ደግሞ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ ባለሙያ ይየው፣ 10 ዓመት ከሞላው ምንም ይምሰል ምን አውጡት ይላሉ።

“9 ዓመት 10 አልሞላም እኮ” የሚል አይጠፋም። ለቪትዝ፣ በ60 ለሚነዳ ሰው፣ እሺ ይሁን። እዚህ ግን የኋላ ጎማዎቹ 33 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያላቸው፣ 612 ፈረስ የሚይዙ፣ ለስላሳ ሆነው አስፋልት ላይ እንዲጣበቁ የተሠሩ ጎማዎች ናቸው። ከእነሱ የሚፈለገው መጣበቁ ነው፤ ዕድሜ ቀድሞ የሚወስደውም መጣበቁን ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ መያዙ መቀነሱ ብቻ አይደለም። ጥሩ ጎማ ሊለቅ ሲል ይነግራችኋል። ያጉረመርማል፣ መሪው እጃችሁ ውስጥ ትንሽ ይቀላል፣ ኋላው ቀስ ብሎ ይከጅላል። በዚያች ግማሽ ሰከንድ ውስጥ እግራችሁን ማላላት ትችላላችሁ። የደረቀ ጎማ ይህን ማስጠንቀቂያ ያሳጥረዋል። ይይዛል፣ ይይዛል፣ ከዚያ የለም። በጣም ጎበዝ ሾፌር የሚበልጠን ያቺን ማስጠንቀቂያ ከእኛ ቀድሞ ስለሚሰማ ነው። ማስጠንቀቂያዋ ከሌለች ግን ጉብዝናው በምን ይሠራል? እኔን ለዓመታት ያልለቀቀኝ ይህ ነው። ጎበዝ ሾፌር ጆሮው ተደፍኖበት ነው ብዬ ነው የማስበው።

ፍጥነቱን እዚህ ላይ ጨምሩበት። በ72 ፈንታ 144 ብትሄዱ እጥፍ ነው። ጎማው ኩርባ ላይ እንዲይዝ የሚጠየቀው ጉልበት ግን እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። በ144 አንድ ሰከንድ 40 ሜትር ነው፤ ደንግጣችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ወደ ፍሬን እስክታዞሩ 40 ሜትር አልፏል። ጎማው አዲስ ቢሆን እንኳን እኮ ያ መንገድ፣ ዛፍና ምሰሶ ዳር ላይ የተደረደሩበት መንገድ፣ ለዚህ የሚሆን አልነበረም። በውድድር ሜዳ ላይ ስትወጡ ሜዳ ወይም ጠጠር ወይም የጎማ ክምር ይቀበላችኋል። ሄርኩለስ ጎዳና ላይ የሚቀበላችሁ ምሰሶ ነው።

እጅና እግር

አሁን ከውስጥ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ እኔ የማውቀው በ612 ፈረስ አይደለም፣ በአንዲት አሮጌ ባዶ ፒክአፕ ነው። ፒክአፗም በኋላ እግሯ የምትገፋ ናት። ባዶ ስትሆን ኋላዋ ቀላል ነው። የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ፣ አቧራና ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ሳሙና ሆኖ፣ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ እየወረድኩ ነበር። አንድ ኩርባ ላይ ትንሽ ፈጠን ብዬ ገባሁ። ፈራሁና እግሬን ከነዳጁ በአንዴ አነሳሁ። ያኔ ነው ኋላዋ የሄደው።

እግሬን ስላነሳሁ እንጂ ስለጨመርኩ አይደለም። ነዳጅ በድንገት ሲለቀቅ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይደፋል፤ ኋላው ይቀላል፤ የቀለለ ጎማ አይዝም። እንደ ሰው ልማዳችን ስንፈራ እግራችንን እናነሳለን፣ ወይ ፍሬን እንረግጣለን። ኩርባ መሃል ላይ ሁለቱም ያንኑ ያደርጋሉ። ፒክአፗ አግድም ሆነች፣ መሪውን ወደ ተንሸራተተችበት አዞርኩ፣ ተያዘችልኝ። እሰየው ስል ግን በሌላኛው ወገን ሄደች። ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ የባሰች ነበረች። መሪውን ዘግይቼ ስለመለስኩት፣ የኋላ ጎማዎቹ መልሰው አስፋልቱን ሲይዙ የፊቶቹ ገና ወደ ጎን ዞረው ስለነበር፣ እንደ ወንጭፍ ወረወረችኝ። ቦዩ ጠርዝ ላይ ቆመች። ፍጥነቴ 40 አይሞላም ነበር። እጄ መሪው ላይ ተጣብቆ ለተወሰነ ጊዜ አልላቀቅ አለኝ።

በዚያ ፍጥነት ሁለት ጊዜ ለማረም ጊዜ ነበረኝ። በ140፣ በምትፈጥን መኪና፣ በደረቀ ጎማ፣ ስንት ጊዜ ይኖራል?

ስለዚህ እንዲህ ያለ መኪና የገዛ ሰው ሲጠይቀኝ ስለ መሪ አያያዝ አልጀምርም። ጎማው ስንት ዓመቱ ነው ብዬ ነው የምጀምረው። ቀጥሎ አየሩ፤ ጠዋት ሳይነዳ በቀዘቀዘበት ይለካ፣ በር ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ጋር ይመሳከር። ከዚያ ሙቀቱ፤ ለስላሳ የስፖርት ጎማ ብርድ ላይ እንደ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በእርጋታ ይሂዱ፤ ሞተሩ ሞቀ ማለት ጎማው ሞቀ ማለት አይደለም። ኢኤስሲ ካለው ደግሞ አይጥፋ። ሕዝብ የሚሄድበት መንገድ ላይ እሱን የሚያጠፋ ሰው ምን እንደሚያገኝበት በእውነት አይገባኝም፤ ልጆቹ “ስሜቱን ይገድለዋል” ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ካሬራ ጂቲን እነግራቸዋለሁ።

ስንነዳ ያለው ነገር ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ፍሬኑ የሚያዘው መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ፣ ከኩርባው በፊት ነው። አንድ ጎማ ያለው አቅም አንድ ነው፤ ለፍሬን ያዋለውን ለመዞር አያውለውም። ኩርባው ውስጥ እግር ነዳጁ ላይ በስሱ ይቀመጣል፣ አይጨምርም፣ አይለቅምም። የሚጨመረው መሪው ወደ ቀጥታ መመለስ ሲጀምር ነው፤ መሪው በተመለሰ መጠን ልክ፣ ክርስትና የሚያስነሳ ሰው ሕፃን እንደሚይዝ ያህል በጥንቃቄ። ኋላዋ ካመለጠ ደግሞ ዓይን ወደ ዛፉ አይሂድ። ዓይናችሁ የሄደበት እጃችሁ ይከተላል። መሄድ ወደምትፈልጉበት እዩ፣ መሪውን ወደዚያ አዙሩ፣ ስትያዝ ደግሞ ፈጥናችሁ መልሱት፤ እኔን እንጦጦ ላይ የጣለችኝ ያቺ መመለሷ ናት። ይህን ደግሞ አንብቦ መቻል አይቻልም። ሰፊ፣ የተዘጋ፣ ውሃ የተረጨበት ሜዳ ላይ፣ በ40 በ50፣ አስተማሪ አጠገብ ተቀምጦ ደጋግሞ መንሸራተት ያስፈልጋል። አሜሪካ፣ ጀርመንም ዱባይም ይህን የሚያስተምሩ ቦታዎች አሉ። ለመኪናው ያን ሁሉ ብር ያወጣ ሰው ለአንድ ቀን ትምህርት ሲሰስት ሳይ ያናድደኛል፣ እውነቴን ነው።

ፍርድ ቤቱ

በአጭሩ ልለፈው። የሾፌሩ ባለቤት ፖርሽን ከሰሱ፤ በ2016 የፌዴራል ፍርድ ቤት ለኩባንያው ፈረደ። የዎከር ልጅ በ2015 የከፈተችው ክስ ደግሞ በ2017 በስምምነት ተዘጋ፣ የስምምነቱ ዝርዝር አልወጣም። ከእነሱ በፊት፣ በ2005፣ እዚያው ካሊፎርኒያ ፎንታና የውድድር ሜዳ ላይ በሌላ ካሬራ ጂቲ ሁለት ሰዎች ሞተው ነበር። ፊት ለፊቱ የገባበትን መኪና ለመሸሽ ሾፌሩ መሪ ሲያዞር ነው ያመለጠችው፤ በክሱ ከተነሱት ነጥቦች አንዱ የኢኤስሲ አለመኖር ነበር፤ ጉዳዩ ወደ 4.5 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ካሳ አለቀ። ከካሬራ ጂቲ በኋላ የመጣችው 918 ስፓይደር ኢኤስሲ ይዛ ነው የወጣችው።

ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ክርክር ለጠበቆች ይሁን። እኔ የማየው ቅደም ተከተሉን ነው። ጎማው ለዓመታት ቆሞ ደረቀ። ማንም ቁጥሩን አላነበበም፣ ወይ አንብቦ ይሁን ብሏል። ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነዳጁ ተረገጠ። ኋላዋ ሲያመልጥ፣ ያ ሁሉ ችሎታ የሚያስፈልግበት ሰዓት ሲመጣ፣ የቀረው ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነበር።

ባለፈው ዓመት ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ያገለገለ ማስታንግ ገዛ። 2014 ሞዴል፣ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 420 ፈረስ፣ በኋላ እግሩ የሚገፋ። ደውሎ ድምፁን አሰማኝ። ደስ ይላል፣ አልዋሽም፣ እኔም ፈገግ አልኩ።

“ጎማውስ?” አልኩት።

“አዲስ ነው ወንድሜ። ጥርሱ ጥልቅ ነው። ሰውየው ጋራዥ ውስጥ ነው ያስቀመጠው፣ ብዙ አልተነዳም።”

“ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብብልኝ።”

ስልኩን አስቀምጦ ጎንበስ ሲል ተሰማኝ። በውጪው ጎን አጣው። በስልኩ መብራት መኪናው ሥር ገባ። ቆየ።

“3813 ይላል” አለኝ።

በ2013፣ 38ኛው ሳምንት። ሴፕቴምበር። ሳንታ ክላሪታ ላይ ያ አደጋ ሊደርስ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው የተሠራ ጎማ ነው። ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ “ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ልወጣበት ነበር” አለኝ።

ቅዳሜ አልወጣበትም። ማክሰኞ አራት አዲስ ጎማ አስገጥሞ የአራቱንም ጎን ፎቶ ላከልኝ፣ ቁጥሮቹ እንዲታዩ አቅርቦ አንስቶ።